ፋኑ ላይ የፈረምኩት

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017

ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ዛሬ ግን መምህር ሆኜ ዋልኩ። ሊዲያ መጣች። ስምንተኛ ክፍል አማርኛ አስተምሬያታለሁ። የኋላ ወንበር ላይ ሆና ስታወራ ስንት ቀን አስቁሜያታለሁ! በእኔ ክፍል ያጠፋ ልጅ ይቆማል፣ ጥፋቱንም በራሱ አፍ ለክፍሉ ይናገራል፤ ደንቤ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ የዐይኗ ብርሃን ጠፋ። አሁን ዩኒቨርሲቲ አራተኛ ዓመት ደርሳለች፤ የምታጠናውም አማርኛ ሥነ ጽሑፍ ነው። ነጭ ዱላዋን እያንኳኳች ከኦሎምፒያ ቂርቆስ ድረስ ብቻዋን መጥታ አሥራ ሦስት ሃንዳውት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው።

«ቲቸር፣ መውጫ ፈተናው ሰኔ 16 ነው። ሃንዳውቶቹ በብሬል የሉም፤ ኮፒው ደብዝዞ ስልኬም አያነብልኝም። ማለቴ፣ እርስዎ ካላነበቡልኝ በቃ፣ በምን እፈተናለሁ?»

«አነባለሁ» አልኳት። ድምፄ እንደሆነ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ከሰባ ተማሪ ጫጫታ በላይ የኖረ ድምፅ ነው።

ልጄ ራሕዋ ለሥራ ሐዋሳ ስትሄድ ኮምፒውተሯን ከነማይኩ ትታልኝ ነው የሄደችው። በስልክ አሳየችኝ፤ ቀይዋን ክብ ተጭኖ ማንበብ፣ ሲያልቅ እንደገና መጫን፣ ከዚያ በቴሌግራም መላክ ነው። ቀላል ነው። ኮምፒውተሩም እንደተቀመጠ ነው፤ አንድ አቧራ የለበትም። በኪሮሽ የሠራሁት ነጭ ዳንቴል፣ አረንጓዴ ዘርፍ ያለው፣ ከነሳጥኑ እስከ ታች ያለብሰዋል። ስሠራ ከፊት በኩል ብቻ ነው የምገልጠው።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

የመጀመሪያውን ሃንዳውት ላክሁ። ሊዲያ ደወለች።

«ቲቸር፣ አይቀየሙኝና፣ ወፍጮ ቤት ሆነው ነው እንዴ የሚቀዱት?»

ጆሮዬ ለምዶት አልሰማውም ነበር። እሷ ካለችኝ በኋላ ግን ሌላ ነገር መስማት አቃተኝ። ግርርርር ይላል፣ ያቋርጣል፣ እንደገና ግርርርር። ለእኔ እንዲህ ከሆነ ቀኑን ሙሉ በጆሮዋ ለምታጠናዋ ልጅ ምን ሊሆን ነው?

ባለቤቴ መድሃኔ ጎንበስ ብሎ ሳጥኑን ከኋላ አየው። ከኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ሳያጣራ አይናገርም። «ፓወር ሰፕላዩን የሚያቀዘቅዘው ፋን ነው። ጨርቁ አፍኖት እንዳይሆን፣ እጸገነት» አለኝ።

ጨርቅ! ሦስት ወር ዐይኔን ያፈሰስኩበትን ዳንቴል ጨርቅ አለው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23

ቸኩያለሁ። በመዳፌ መታሁት፣ ለአንድ ገጽ ዝም አለ። ትራስ አስደገፍኩት፣ ባሰበት። በመድሃኔ ስልክ ልቀዳ ብል አራተኛው ገጽ ላይ «ቦታ የለም» ብሎ ቆመ። ሳጥኑን ላርቀው ስል የማይኩ ገመድ አጠረ። ጉድ እኮ ነው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25

ጠጋኝ ተገኘ። ደጉ ይባላል። ካዛንቺስ ዘጠኝ ዓመት ሱቅ ነበረው፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለች ኮንቴይነር ውስጥ ገባ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው።

«ደንበኛ ገና ነው ማዘር። ሰው እስኪያውቀኝ ነው» አለኝ። ሳጥኑ ላይ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠና «ፋኑ ደርቋል። አቧራውን አውጥቼ ዘይት አደርግለታለሁ፤ ሰኞ ይውሰዱት» አለ።

እኔ ግን ሳልዘጋጅ አልሄድኩም። ጎረቤቴ ሀብትነሽ አስቀድማ «ደህናውን ዕቃ አውጥተው አሮጌ ነው የሚከቱብሽ፤ ምልክት አድርጊበት» ብላኛለች። አገር ሁሉ እንደዚያ አይደል የሚያደርገው? ስለዚህ ኮምፒውተሩን ነቅዬ፣ ከኋላ በፋኑ መከለያ ሽቦዎች መካከል ብዕር አስገብቼ፣ ፋኑ መሐል ያለችው ክብ ወረቀት ላይ ፈረምኩባት። ያቺን የፈተና ወረቀት ላይ የኖረች ፊርማዬን፣ ከነጭራዋ። መድሃኔ ባትሪ እያበራልኝ ሳቀ። ይሳቅ። እኔን ማን ይበላኛል!

ሰኞ፣ ሚያዝያ 27

እንደተናደድኩ ነው የምጽፈው።

ኮምፒውተሩን አመጣሁ፣ ሰካሁ፣ ጸጥ! እሰይ ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ባትሪ ይዤ በኋላ በኩል ፊርማዬን ለማየት ጎንበስ አልኩ። የለም። ክቧ ወረቀት የለችም፤ በቦታዋ ቁራጭ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፏል።

ተመልሼ ሄድኩ። ሁለት ደንበኞች ቆመዋል፤ ቢቆሙስ።

«ፋኔን የት አደረስከው?»

«ማዘር፣ ፋኑ የራስዎ ነው። ወረቀቷን ያነሳኋት ለዘይት ነው፤ ዘይቱ የሚገባው በእሷ ሥር ነው። ዘይት ከነካት ደግሞ ተመልሳ አትለጠፍም። ፊርማዎትን ከውስጥ...»

አላስጨረስኩትም። «ዝም በል! ሠላሳ አምስት ዓመት የኮራጅ ሰበብ ስሰማ የኖርኩ ሴት ነኝ» ብዬው ወጣሁ። ስወጣ አንደኛው ደንበኛ ሬዲዮኑን መልሶ ሲያነሳ አየሁ።

መድሃኔ ነገሩን ከሰማ በኋላ «ጸጥ ብሏል አይደል? ቢያንስ ሰውየውን ብታስጨርሺው ምን ነበር?» አለኝ። ከዚያ «ኣጆኺ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። ሲጨንቀው በትግርኛ ነው የሚያጽናናኝ። ምኑ እንደጨነቀው አልገባኝም፤ የተሰረቅሁት እኔ።

ዳንቴሉን አጥቤ መልሼ አለበስኩት።

ዓርብ፣ ግንቦት 1፣ ልደታ

መንደሩ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ንፍሮውንና ዳቦውን በጋራ ቀመሰ። ጨዋታው ደርቶ ሳለ ሀብትነሽ «ቴሌቪዥኔን ለዚያ ለካዛንቺሱ ልጅ ልሰጠው ነው» አለች።

እኔም ነገርኳቸው። ፊርማዬን፣ ፕላስተሩን፣ ሁሉንም። ሲሰሙኝ ጊዜ ሞቀኝ። መጨረሻ ላይ «ሌባ ነው» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔንም ትንሽ አስደነገጠኝ፤ ግን እውነት ነው አይደል? ሀብትነሽ አማተበችና «በይ ቴሌቪዥኔ እዚያው ይቀመጥ» አለች።

መድሃኔ ዳቦውን ሳይጨርስ ወደ ቤት ገባ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

አራት ሃንዳውት አለቀ። ሊዲያ «ቲቸር፣ አሁን ክፍል ውስጥ ያለሁ ነው የሚመስለኝ» አለች። ደስ አለኝ።

ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ተራ ስጠብቅ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ «ኧረ እሱ ጋ እንዳትሄጂ፣ ዕቃ ይቀይራል አሉ» ሲሉ ሰማሁ። ማን እንዳለ አልተናገሩም። ዞር ብዬም አላየኋቸው። በኮንቴይነሩ በኩል ነው የተመለስኩት። በጠራራ ፀሐይ ተዘግቷል። ምሳ ወጥቶ ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ሰባተኛውን እንደጨረስኩ ግርርርር። ተመለሰ! እንዲያውም አሁን ማፏጨት ጨምሯል። አላልኩም? አሮጌ ፋን ባይከትብኝ ኖሮ በሁለት ሳምንት ይጮህ ነበር?

መድሃኔ «ለመሆኑ ዳንቴሉን...» ብሎ ጀመረ። አየት አደረግሁት፤ ተወው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ደምበል አካባቢ ትልቅ ሱቅ ወሰድኩት። ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል «ይሄ እኮ የድሮ ነው፤ ወይ ሌላ ይግዙ፣ ወይ ትተውት ይሂዱና ከሦስት ሳምንት በኋላ ይደውሉ» አለኝ። ሦስት ሳምንት! ከዚያ በኋላ ፈተናው ደጅ ላይ ነው። ተሸክመን ተመለስን፤ ማለቴ፣ መድሃኔ ተሸክሞ።

ስምንተኛውን ከነጩኸቱ ቀዳሁት። ሊዲያ ሰምታ «እችለዋለሁ ቲቸር፤ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ነው የምሰማው። ራስ ምታቱ ሲመጣ ደግሞ አርፋለሁ» አለችኝ።

እኔን! ያቺ ልጅ በእኔ ምክንያት ራሷን እያመማት ታጠናለች። አነባለሁ ያልኳት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው እንዳትፈልግ ያደረግኋትም እኔ ነኝ። አምስት ሃንዳውት ቀርቷል።

እሑድ፣ ግንቦት 17

ይህን ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘጠነኛውን ጀመርኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ የሆነ የሞቀ ላስቲክ ጠረን ሸተተኝ፤ ኮምፒውተሩም ዐረፍተ ነገሬ መሐል ድርግም ብሎ ጠፋ። ሳጥኑን ብነካው ያቃጥላል። መድሃኔ ነቀለው፣ እስኪበርድ ጠበቀ፣ ከዚያ ካቻቪቴውን አምጥቶ የጎኑን ክዳን ፈታ። ፓወር ሰፕላዩን እንዳይነካ ለመንኩት፤ ክዳኑን ብቻ ነው አለኝ።

ክዳኑን ገልብጦ አየው። «እጸ፣ ነይ» አለኝ።

ክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ክቧ ወረቀት አለች። ዘይት ጠጥታ ጠርዟ ቢጫ ሆኗል፤ እንዳትወድቅ ከላይዋ በነጭ ፕላስተር ታስራለች። ፊርማዬ ከነጭራው አለ። ከሥሩ በጥንቃቄ የተጻፈ የሰው እጅ ጽሕፈት፦ «ፊርማዎት እንዳይጠፋ እዚህ ለጠፍኩት። ደጉ፣ 25/8/17»።

«ፊርማዎትን ከውስጥ» ነበር ያለኝ። ከውስጥ። እኔም ዝም በል አልኩት።

መድሃኔ ሳጥኑን ወደ መስኮቱ አዙሮ በኋላ በኩል ባትሪ አበራልኝ። የፋኑ አንገት ላይ ክር ተጠምጥሟል፤ አረንጓዴ፣ ደረቅ ብሎ የተገመደ። ከየት እንደመጣ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ዳንቴሉን አንስቼ ዘርፉን ቆጠርኩ፤ በጀርባው በኩል ሰባቱ ተበጥሰዋል። ማታ ማታ እኔው አለብሰዋለሁ፣ ጠዋት ፊቱን ብቻ ገልጬ አበራዋለሁ፤ ከኋላ በኩል ታፍኖ ክሬን እየዋጠ ነው የከረመው።

ያ ሰውዬ ፊርማዬን አስቀመጠልኝ። እኔ ደግሞ ስሙን ወሰድኩበት። ወይ ነዶ!

ሰኞ፣ ግንቦት 18

አልሄድኩም። ወገቤን አመመኝ። (ወገቤን አላመመኝም።)

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» እያልኩ ስንት ልጅ ገሥጫለሁ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ሄድኩ። መድሃኔ ሳጥኑን ይዞ ከኋላዬ፣ እኔ ከፊት። ኮንቴይነሩ ክፍት ነው፤ ደጉ ግን ካቻቪቴዎቹን በካርቶን እየከተተ ነበር። መደርደሪያው ላይ አንድ ዕቃ የለም።

«ልትሄድ ነው?»

«ሰፈሩ አልተቀበለኝም ማዘር። ሌላ ቦታ ልሞክር ብዬ ነው» አለ። ምሬት የለበትም፤ ድካም እንጂ። ያ ነው የከፋብኝ።

በልቤ ያሰናዳሁት ንግግር ጠፋብኝ። «በድዬሃለሁ ልጄ። ፊርማዬን አገኘሁት። ይቅር በለኝ» ብቻ ነው የወጣኝ። እንባዬም መጣ፤ በሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም።

ወንበር ሰጠኝ። ሳጥኑን ከመድሃኔ ተቀብሎ ፈታው፤ ፓወር ሰፕላዩን ሲከፍት እጃችንን እንድናርቅ ነገረን፤ ተነቅሎም ኤሌክትሪክ ይይዛል አለ። ከዚያ በቀጭን መቆንጠጫ ክሩን ይመዝ ጀመር። ይመዛል፣ ይመዛል፣ አያልቅም። ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋው ክንድ ሙሉ ሆነ።

«ማዘር፣ ሹራብ ሊሠሩለት ነበር እንዴ?» አለ።

መድሃኔ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ከነእንባዬ ሳቅሁ።

«ፋኑን ግን ክሩ በልቶታል፤ ዘይት አያድነውም። ልኩን ፈልጌ በአዲስ እቀይረዋለሁ፤ ነገ ይደርስልዎታል» አለ። ስንወጣ ደግሞ እጁን እየጠረገ «ይቅርታዎትን ተቀብያለሁ። ግን ማዘር፣ ሌባ የተባልኩት ልደታ ላይ ነው። ያኔ የሰሙት ሰዎች አሁን እዚህ የሉም» አለኝ።

ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ካርቶኑን መልሶ ይፍታው አይፍታው አልጠየቅሁትም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

አዲሱ ፋን ገባ። ሊሰጠኝ ሲል ከጆሮው ላይ ብዕር አውርዶ ዘረጋልኝ። «ይፈርሙበት፤ ደንብ ነው» አለ። ፈገግ ብሏል።

«አልፈርምም» አልኩ።

ቤት ገብቼ አበራሁት። ድምፅ ሳጣ አልበራም ብዬ ደነገጥኩ። መድሃኔ ከኋላው መዳፉን አስጠግቶ «ይነፍሳል፣ ይነፍሳል» አለኝ። እፎይ! ስምንተኛውን ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና ቀዳሁት። ዳንቴሉ ቁም ሣጥን ገብቷል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 30

አሥራ አንደኛውን ጨረስኩ። ነገ የእድር ስብሰባ ነው። ልደታ ዕለት የነበሩት ሁሉ ይመጣሉ።

እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ የምለውን ተለማመድኩ። አንዴ ሞከርኩ፣ ሰበብ በዛበት። ሁለተኛ ሞከርኩ፣ ሀብትነሽን ወቀስኩባት፤ ምልክት አድርጊ ያለችኝ እሷ ናት ብዬ። ያጠፋ ልጅ ሲቆም በሌላ ልጅ እንዲያመካኝ ፈቅጄለት አውቃለሁ? ሦስተኛው አጭር ሆነ።

እንደ ልጅ ፈራሁ። በስድሳ ሁለት ዓመት!

እሑድ፣ ሰኔ 1፣ ጰራቅሊጦስ

ሰብሳቢው ጋሽ አምኃ «ሌላ ጉዳይ ያለው?» ሲሉ እጄን አነሳሁ። ቆምኩ።

«ልደታ ዕለት ደጉን ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ። አልሰረቀኝም። ዕቃዬንም ፊርማዬንም ጠብቆልኛል። ፋኑን ያነቀው የገዛ እጄ ሥራ ነው» አልኩና ከመሐረቤ ክሩን አውጥቼ ዘረጋሁት። ክንድ ሙሉ አረንጓዴ ክር።

ከዚያ ሀብትነሽ «ውይ እጸገነት! እኔ ነኝ ምልክት አድርጊ ብዬ ያሳሳትኩሽ» ብላ ብድግ አለች። አፏን ከፍታ ስትስቅ አዳራሹም ተከተላት፤ እኔም አላፈርኩም፤ ማለቴ፣ አፈርኩ፣ ግን ቀለለኝ። ጋሽ አምኃ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው «ይህ ልጅ በሰፈራችን ውስጥ አይደለም እንዴ የሚሠራው? የእድር አባል ነው?» ብለው ጠየቁ። አይደለም ተባለ። «እንግዲያውስ ከፈለገ መዝግቡት» አሉ።

ወዲያው እኔና መድሃኔ ሄደን ነገርነው። ካርቶኑ ተፈትቷል። «ሰማሁ ማዘር። የሀብትነሽ ቴሌቪዥን ቀድሞዎት መጥቷል» አለኝ።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

አሥራ ሦስተኛው አለቀ። አለቀ! መድሃኔን አቀፍኩት። ሊዲያ አሥር ቀን አላት።

ሰኞ፣ ሰኔ 16

ፈተናው ዛሬ ነው። ቀኑን ሙሉ ቤት ጠረግሁ፤ የጠረግሁትን ደግሜ ጠረግሁ።

ዓርብ፣ ሰኔ 27

አለፈች! በሩ ላይ ቆማ «ቲቸር፣ አልፌያለሁ!» ስትል ከነዱላዋ ነው ያቀፍኳት። መድሃኔ ዐይኑን ጠራረገና ምሪንዳ ሊገዛ ወጣ።

ሁለታችን ብቻ ስንቀር ሳቅ ሳቅ እያላት «አንድ ነገር ልንገርዎት? አሥራ አንደኛው ሃንዳውት መጨረሻ ላይ መቅጃውን ሳያጠፉ ቀርተዋል» አለችኝ።

ደሜ ቆመ። የእድሩ ንግግር! ሦስቱም ጊዜ፣ ከነሰበቡ፣ ከነሀብትነሽ ወቀሳው።

«ሰምተሽዋል?»

«ካነበቡልኝ ሁሉ አብዝቼ የሰማሁት እሱን ነው። ፈተና አዳራሽ ደጅ ላይ ፈርቼ ስጠብቅ እንኳን በጆሮዬ አድርጌ ሰማሁት። እርስዎም ይፈራሉ ለካ። በጣም ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት፤ ያ ፋን ቢሆን ኖሮ አልሰማዎትም ነበር።»

«አጥፊልኝ ሊዲያ፣ በሞቴ።»

«ኧረ አላጠፋም» አለች፣ ልክ እንደ ስምንተኛ ክፍሏ። «ስንት ጊዜ አስቁመው አናዘዙኝ ቲቸር። አሁን ተራዎ ነው።» ከዚያ እጇን ዘርግታ እጄን ፈለገች፣ አገኘችውም። «ሦስተኛው ላይ ግን ሙሉ ማርክ ሰጥቼዎታለሁ።»